«ኮፊ» ከካፋ አልወጣም፤ ሲዞር ለከረመው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሀዋሳ በአስጎብኚዎችና በካፌ ባለቤቶች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። እንግሊዝኛው «ኮፊ» በቀጥታ «ካፋ» ከሚለው የአገራችን ስም ወጣ ይላል። ዐረቦች «ቃህዋ» የሚሉት ካፋን አጣመው ስለጠሩት ነው፤ ቃሉ በቋንቋቸው ትርጉም የለውም ይላል። «ቢን» የሚለው እንግሊዝኛ የኛው «ቡን» ነው፤ የእረኛው የካልዲ ታሪክ ለዚህ ሁሉ ምስክር ነው፤ «አረቢካ» የሚለው የዛፉ ሳይንሳዊ ስም ዘረፋ ስለሆነ ይሰረዝ፤ «ኮፊስ» ብሎ ማብዛትም የሰዋስው ስሕተት ነው ይላል። አንዳንድ ቤቶች የመጀመሪያውን ነጥብ በምግብ ዝርዝራቸው ጀርባ አሳትመውታል።

የጽሑፉ ባለቤት ለቡናችን ክብር የተቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከየመስመሩ ይታያል። መቆርቆራቸውን እንጋራለን። የምንቃወመው መንገዳቸውን ነው፤ እውነት የሆነውን ነገር ባልጸና ምሰሶ ላይ ሰቅለውታልና። አረቢካ ቡና የኢትዮጵያ ደን ልጅ መሆኑ በእጽዋት ሳይንስ የተረጋገጠ ነው። «ኮፊ» የካፋ ልጅ ነው የሚለው ግን ግምት ነው፤ ያውም ማስረጃው ወደ ሌላ የሚያመለክት ግምት። እንግዳው ገበታው ላይ ተቀምጦ በስልኩ መዝገበ ቃላት ከፍቶ ሁለተኛውን ውድቅ ሲያገኘው የመጀመሪያውንም አብሮ ይጠራጠራል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኮፊ እና ካፋ ድምፃቸው አንድ ነው»

ትልቁ ነጥብ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። ጸሐፊው ዛሬ የሚጻፈውን «ኮፊ» እና ዛሬ የሚጻፈውን «ካፋ» ጎን ለጎን አስቀምጠው ሁለቱም ውስጥ «ፈ» አለ ብለው ይደመድማሉ። የቃል ዘር ሲፈለግ መጀመሪያ የሚፈጸመው ስሕተት ይኸው ነው፤ ከዛሬው መልክ መነሳት። መነሳት ያለበት በጽሑፍ ከተገኘው ከጥንቱ መልክ ነው።

እንግሊዝኛ ውስጥ ቃሉ ብቅ ያለው በ1600 ግድም ነው። በ1598 በታተመ አንድ የጉዞ መጽሐፍ ትርጉም ውስጥ «ካዉዋ» ተብሎ ሊነበብ በሚችል መልክ ገባ። በ1601 ዊልያም ፓሪ «ኮፌ» ብሎ ጻፈው። በ1609 የታተመው የዊልያም ቢዳልፍ ጽሑፍ «ኮፋ» ይለዋል። በ1630ዎቹ ደግሞ ቶማስ ኸርበርት «ኮሆ» የሚል መልክም መዘገበ። ከእንግሊዞቹ ቀድሞ በ1573 ሶርያ ውስጥ ሀሌብ ከተማ የደረሰው ጀርመናዊው ሐኪም ሊዮንሃርት ራውቮልፍ በ1582 ባሳተመው መጽሐፉ መጠጡን «ኻውቤ» ብሎታል። እነዚህን መልኮች በተርታ አንብቧቸው። በግማሾቹ ውስጥ «ፈ» የለም። «ሀ» እና «ወ» ግን አሉ። ሰዎቹ በጆሯቸው የሰሙትን ሲጽፉ የሰሙት ቃል «ቃህዋ» ወይም የቱርኮቹ «ካህቬ» ነበር ማለት ነው።

ታዲያ «ፈ» ከየት መጣ? ዐረብኛው «ቃህዋ» ቱርክኛ ሲገባ «ወ» ወደ «ቨ» ተለወጠ። ይህ ለቡና ብቻ የመጣ ለውጥ አይደለም፤ የቱርክኛ ደንብ ነው። ዐረብኛው «ወቅት» ቱርክኛ ውስጥ «ቫኪት» ነው፤ «ሀዋ» (አየር) «ሀቫ» ነው፤ «ዋሊ» (ገዥ) «ቫሊ» ነው። በዚሁ መንገድ «ቃህዋ» «ካህቬ» ሆነ። ቀጥሎ ጣሊያን ገባ። «ህ» እና «ቭ» ተጠጋግተው ሲነገሩ የ«ህ» ትንፋሽ «ቭ»ን ያፍነዋል፤ ቀስ ብላችሁ «ካህቬ»፣ ከዚያ ፈጠን አድርጋችሁ «ካህፌ»፣ «ካፌ» በሉት፤ አፋችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ጣሊያንኛው «ካፌ» ላይ «ፈ» የሚጠብቀው ሁለት ድምፅ ስለዋጠ ነው። እንግሊዝኛና ሆላንድኛ ደግሞ ፊተኛውን «ካ» ወደ «ኮ» አዞሩት። ስለዚህ የ«ኮፊ» «ፈ» የተወለደው ከቱርክ ወደ አውሮፓ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከካፋው «ፈ» ጋር መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነገር ነው።

አሁን የጸሐፊውን መንገድ በተቃራኒው እንሂድበት። ቃሉ ከካፋ ተነስቶ ዐረብኛ ገባ ካልን፣ ዐረቦቹ «ፈ»ን ጥለው በምትኩ «ህዋ» አስገቡ፤ ከዚያ አውሮፓውያን «ህዋ»ን ጥለው የጠፋውን «ፈ» መልሰው አገኙት ማለት ነው። ዐረብኛ «ፈ» አለው። ያለውን ድምፅ ለምን ይጥላል? ቋንቋ የባዕድ ድምፅ የሚቀይረው የራሱ ሲያጣ ነው። ማላይኛ በጥንቱ «ፈ» ስላልነበረው የሆላንዱን «ኮፊ» «ኮፒ» አለው፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስዋሂሊ ቃሉን ከዐረብኛ በቀጥታ ወስዶ «ካሃዋ» አለ፤ የዐረብኛው ቃል «ፈ» አልነበረውምና እሱም አልጨመረበትም። «ካፋ»ን ወደ «ቃህዋ» የሚቀይር እንዲህ ያለ ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ ጽሑፉን የሚቃወሙ አንዳንድ ሰዎች የሚያቀርቡት ደካማ ክርክርም አለ፤ «ካፋ በከ ነው፣ ቃህዋ በቀ ነው፣ ስለዚህ አይገናኙም» ይላሉ። ይህ ብቻውን አይፈርድም። የግሪኩ «ካኖን» ዐረብኛ ሲገባ «ቃኑን»፣ ግእዝ ሲገባ «ቀኖና» ሆኗል። ከ ወደ ቀ መዞር የተለመደ ነው። ክርክሩ መቆም ያለበት በ«ፈ» ላይ ነው።

ሐሳቡ የጸሐፊው ብቻ አለመሆኑንም መናገር ተገቢ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ቡናን ከካፋ ጋር አያይዞታል፤ ዛሬም «ምናልባት ከካፋ» የሚል መስመር የሚጨምሩ መዝገበ ቃላት አሉ። «ምናልባት» የሚለው ቃል ግን ወደ ምግብ ዝርዝሩ ጀርባ ሲሻገር ወድቆ ቀርቷል።

«ቃህዋ በዐረብኛ ትርጉም የለውም»

አለው፤ ቡና የመን ከመታወቁ በፊትም ነበረው። በጥንቱ የዐረብ ግጥም ቃህዋ ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ ነው። መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎቻቸው ፍላጎትን፣ በተለይም የምግብ ፍላጎትን የሚያደክም ከሚል ግሥ ያመጡታል። የመን ውስጥ ሱፊዎች በ15ኛው ምዕተ ዓመት ለሌሊት ጸሎት መንቂያ ያፈሉት የነበረው መጠጥ ይህን ስም ወረሰ። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ስለ ቡና ሰፊ ጽሑፍ የተወው አብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ በ1470 ገደማ የሞተው የኤደኑ ሙፍቲ አል-ዘብሃኒ መጠጡን ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከኛው ወገን አይቶ እንዳመጣው ይተርካል። ጀዚሪ ሌላም ቁም ነገር መዝግቧል። «ቃህዋ» የፈላውን መጠጥ እንጂ ተክሉን አይጠራም። ከፍሬው የተፈላው «ቡንያ» ቃህዋ፣ ከገለባው የተፈላው «ቂሽርያ» ቃህዋ ይባል ነበር፤ ከጫት ቅጠል የተፈላም ነበረ። በሐረር በኩል የቡና ገለባ ሲፈላ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም።

«ቡንያ ቃህዋ» የሚለውን ልብ በሉት። ቃህዋ ማለት የካፋው ተክል ቢሆን ኖሮ «የቡን» የሚል ቅጽል አያስፈልገውም ነበር። የተክሉንና የፍሬውን ስም ከኛ የወሰዱት «ቡን» ብለው ነው፤ ትግርኛ ቡን፣ አማርኛና ኦሮምኛ ቡና ይላሉ። ጸሐፊው ይህን ቢያስተውሉ ኖሮ የሚፈልጉትን ማስረጃ እጃቸው ላይ ባገኙት ነበር። ካፋ ውስጥ ራሱ በአገሬው ቋንቋ በካፊ ኖኖ ቡና «ቡኖ» ነው፤ ካፈቾው የገዛ አገሩን ስም ለመጠጡ አልሰጠም።

ጸሐፊው «የወይን ጠጅ ስም እንዴት ተዙሮ የቡና ስም ይሆናል?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህ መልስ የመን መሄድ አያስፈልግም። ከሀዋሳ ፒያሳ ተነስቶ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው «ቡና ቤት» የሚል ሰሌዳ ያያል። በሩ ላይ የተደረደረው የቢራ ሳጥን ነው፤ ማታ ማታ ሙዚቃ ይሰማል፤ ጀበና ላይኖር ይችላል። ቡና መጠጣት የፈለገ ሰው «ካፌ» ወይም «ጀበና ቡና» ፈልጎ ይገባል። የኛው «ቡና ቤት» ከቡና ተነስቶ ቢራ ጋ ደረሰ፤ የነሱው «ቃህዋ» ከወይን ጠጅ ተነስቶ ቡና ጋ ደረሰ። ሰው የሚሰባሰብበት መጠጥ ሲለወጥ ስሙ ባለበት ይቆያል።

ጽሑፉ «ዐረቦች ከኛ ወሰዱ እንጂ አልሰጡንም» ሲልም ልክ አይደለም። «በረካ» ብለን የምንቀዳው ሦስተኛው ስኒ ዐረብኛ ነው፤ በረከት ማለት ነው። የቡና ነጋዴው ዋጋ የሚቆርጥበት ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎው፣ ስሙ በዐረብ ነጋዴ በኩል የመጣ ነው። ቡን ከኛ ሄደ፣ ፈረሱላና በረካ ወደኛ መጡ። የንግድ መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ይህን ማመን የሚያሳፍር ነገር የለውም።

«ቢን ከቡን ነው»

አይደለም፤ ይህኛው ረጅም ክርክር አይፈልግም። «ቢን» እንግሊዝኛ ውስጥ ከ1000 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ያኔ ባቄላ ማለት ነበር። ጀርመንኛው «ቦኔ»፣ ሆላንድኛው «ቦን» ወንድሞቹ ናቸው። ቡና አውሮፓ ሳይደርስ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበረ ቃል ከቡና ሊወሰድ አይችልም። የቡናን ፍሬ «ቢን» ያሉት ቅርጹ ባቄላ ስለመሰላቸው ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለጆንያና ለማሸጊያ ጽሑፍ አዘጋጆች አንድ ነገር እንበል። የቡና ፍሬ በእጽዋት ሳይንስ ባቄላ አይደለም። የባቄላ ፍሬ በቆባ ውስጥ ተደርድሮ ይበቅላል፤ ቡና ግን ቀይ እሸት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆኖ፣ ጠፍጣፋ ፊቱን ለፊት ገጥሞ የሚቀመጥ ዘር ነው። አንዳንዴ አንዱ ሳያድግ ይቀርና ሌላው ክብ ሆኖ ብቻውን ይወጣል። እንግሊዝኛው «ኮፊ» ዛፉንም፣ እሸቱንም፣ ጥሬውንም፣ የተቆላውንም፣ የተፈላውንም ይሸፍናል፤ በዚህ ከኛ «ቡና» ጋር ይመሳሰላል። ችግሩ የሚመጣው ሲተረጎም ነው። «ጥሬ ቡና»ን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሰው «ሮው ኮፊ» የሚሉ አሉ፤ በንግዱ ዓለም የተለመደው ስም «ግሪን ኮፊ» ነው፤ አረንጓዴነቱን ሳይሆን አለመቆላቱን ይናገራል። እሸቱ «ቼሪ» ነው፤ ጀንፈሉ «ድራይ ቼሪ» ነው። ይህን ማደባለቅ ገንዘብ ያስከፍላል፦ 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል፤ ውል ላይ «ኮፊ» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው የትኛውን እንደሸጠ አልተናገረም።

«የካልዲ ታሪክ ምስክር ነው»

ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲጨፍሩ ያየው እረኛ ታሪክ ቆንጆ ነው፤ ለልጆች መንገሩን ማንም አይከለክልም። ለቃሉ ዘር ግን ምስክር ሊሆን አይችልም። ታሪኩ በጽሑፍ የታወቀው በ1671 ሮም ላይ፣ ማሮናይት ከሚባሉት የሊባኖስ ክርስቲያኖች ወገን የሆነው ምሁር አንቶኒዮ ፋውስቶ ናይሮን በላቲን ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ነው። ድርጊቱ ተፈጸመ ከሚባልበት ጊዜ 800 ዓመት ያህል ዘግይቷል ማለት ነው። በናይሮን ጽሑፍ ውስጥ እረኛው ስም የለውም። ያለውም የመን ነው፤ መንጋው ደግሞ ግመል ወይም ፍየል ነው ይላል። «ካልዲ» የሚለው ስም፣ ኢትዮጵያም፣ ኋላ የተጨመሩ ናቸው። ጸሐፊው ለካፋ የጠሩት ምስክር መጀመሪያ ሲናገር የመን ነኝ ማለቱን አላወቁም፤ ታሪኩን አምነው የሚከራከሩ ከሆነ ለየመን እየተከራከሩ ነው።

የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚያጸና ምስክር ሌላ ነው፤ ያውም ተረት አይደለም። አረቢካ ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅሎ የተወለደ ተክል ነው። ወላጆቹ 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው እሱ 44 አለው። ይህ ተክል ማንም ሳይተክለው በራሱ የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖችና ከድንበር ማዶ በደቡብ ሱዳን ቦማ ተራራማ ስፍራ ነው። የዘር ብዝኃነቱ ከፍ ያለው እዚሁ ነው፤ የመን ውስጥ ያለው ጠባብ ነው፤ ከየመን ተወስዶ ዓለምን ያለበሰው ደግሞ ይበልጥ ጠባብ ነው። ዘር ከምንጩ ሲርቅ እየቀጠነ ይሄዳልና ይህ መነሻውን ያሳያል። ካፋ ውስጥ ያለው ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበውም ይህን ሀብት ስለያዘ ነው። ካፋ ክብሯን የምታገኘው ከዚህ ነው። ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አንድ መስመር መለመን አያስፈልጋትም።

«አረቢካ የሚለው ስም ይሰረዝ»

ቅሬታውን እንረዳለን። ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ተክሉን «ኮፊያ አረቢካ» ሲለው አውሮፓ ቡናን የምታውቀው በየመን ወደብ በኩል ስለነበር ነው፤ ምንጩን አላወቀም። ነገር ግን የእጽዋት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ አንድ ስም ስለማይመጥን ብቻ አይሰርዝም፤ በሕጉ መሠረት ቀድሞ የወጣው ይጸናል። ሊኔየስ በዚያው ዓመት «ፔሩቪያና» ያለው አንድ አበባ የሜዲትራኒያን ተክል ነው፤ ፔሩ አይበቅልም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተነካም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስም በየጊዜው ቢቀየር የ270 ዓመት ጽሑፍ ማን የትኛውን ተክል እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ አቤቱታ መጻፍ ውጤት የለውም።

«ሞካ»ም እንዲሁ ነው። የየመን ወደብ የአል-ሙኻ ስም ነው፤ ከሐረር የወጣ ቡናም በዚያ በኩል አልፎ በዚያ ስም ተሽጧል። እዚህ ላይ ጸሐፊው የተሰማቸው ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃው የኛ ሆኖ ስሙ የወደቡ ነበር። ይህን በመሰለ ጉዳይ አገሪቱ የወሰደችው መንገድ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች፤ ተቃውሞ ገጠማት፤ በ2007 ከአንድ ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰች። ስም ገንዘብ የሚያወጣው እንዲህ በሰነድ ሲያዝ ነው። ሀዋሳ ሆነን ይህን ስንጽፍ ደግሞ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም፦ ክልሉና ሕዝቡ ሲዳማ ነው፣ የተመዘገበው የንግድ ስም ሲዳሞ ነው። ማሸጊያ የሚያሳትም ሰው ሁለቱን ለይቶ፣ የትውልድ ቦታውን «ሲዳማ»፣ የንግድ ምልክቱን በተመዘገበበት መልክ መጻፍ አለበት። አደባልቆ የጻፈ ሰው ገዥውን ግራ ያጋባል።

«ካፌ፣ ካፍቴሪያ፣ ካፌይን ሁሉም የካፋ ልጆች ናቸው»

እነዚህ የ«ኮፊ» የአጎት ልጆች ናቸው፤ አያታቸው ግን ቃህዋ ነው። «ካፌ» ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ ነው። «ካፍቴሪያ» ከአሜሪካ ስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። «ካፌይን» ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ በ1819 ንጥረ ነገሩን ለይቶ ሲያወጣ ከጀርመንኛው የቡና ስም የተሠራ ነው። «ማኪያቶ» ደግሞ ከቡና ስም ጋር ዝምድና የለውም፤ በጣሊያንኛ «ነጠብጣብ ያለው» ማለት ነው፤ ወተቱ ቡናው ላይ የሚያሳርፈውን ጠብታ ይናገራል። ሀዋሳ ላይ ወተት የበዛበትን መጠጥ ማኪያቶ ስለምንለው ጣሊያን ሄዶ ያዘዘ ሰው ትንሽ ስኒ ሲቀርብለት ይገረማል።

«ኮፊስ ስሕተት ነው»

አይደለም። አስተናጋጆች በዚህ ምክንያት ትክክለኛ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ስለሚታረሙ ዝም ማለት አይገባም። እንግሊዝኛ ውስጥ «ኮፊ» እንደ ቁስ ሲነገር አይቆጠርም፤ «ብዙ ኮፊ» ሲባል «መች ኮፊ» ነው። በስኒ ሲታዘዝ ግን ይቆጠራል፤ «ቱ ኮፊስ ፕሊዝ» ትክክል ነው፤ «ቱ ካፕስ ኦፍ ኮፊ»ም ትክክል ነው። ስሕተቱ «ቱ ኮፊ» ማለት ነው። ዓይነቶችን ስንዘረዝርም ይበዛል፤ የይርጋጨፌውን፣ የጉጂውንና የሲዳማውን በአንድ ላይ «ኢትዮጵያን ኮፊስ» ማለት ለነጋዴ የተለመደ ነው። አማርኛም ቢሆን «ሁለት ቡና» ሲል ስኒውን ውጦ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ለኛ እንግዳ ሰዋስው አይደለም።

የሌላ ቃል ዘር ለማጣራት ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ይህ ነው። በመጀመሪያ ቃሉ በጽሑፍ የተገኘባቸውን የጥንት መልኮች ከነዓመታቸው መደርደር። ቀጥሎ እያንዳንዱ ጸሐፊ የት ቆሞ ከማን ሰማ ብሎ መጠየቅ፤ ራውቮልፍ ሀሌብ ነበር፤ ለንደን ውስጥ በ1652 የመጀመሪያውን የቡና መጠጫ ቤት የከፈተው ፓስኳ ሮዜ ደግሞ ከቱርክ ግዛት የተመለሰ ነጋዴ አሽከር ነበር፤ ስለዚህ ቃሉ በቱርክ በኩል መምጣቱ ከሰዎቹ መንገድ ጋር ይገጥማል። ከዚያ እያንዳንዱ ድምፅ ለምን እንደተለወጠ በሌሎች ቃላት መፈተን። በመጨረሻ የተባለው የትውልድ ስፍራ ሰው ነገሩን ምን ብሎ ይጠራዋል ብሎ ማጣራት። ጽሑፉ አራተኛዋን ጥያቄ ብቻ ካፋ ላይ ቢጠይቅ ኖሮ «ቡኖ» የሚል መልስ አግኝቶ በዚያው ያቆም ነበር።

ካነሳነው አይቀር ራውቮልፍ ሌላ ቃልም ትቶልናል። መጠጡን «ኻውቤ» ካለ በኋላ የሚፈላበትን ፍሬ ሰዎቹ «ቡኑ» እንደሚሉት ጽፏል። ጣሊያናዊው ፕሮስፔሮ አልፒኒም በ1592 ስለ ግብፅ እጽዋት ባሳተመው መጽሐፍ የዛፉን ሥዕል አኑሮ ስሙን «ቦን» ብሎታል። «ኮፊ» እንግሊዝኛ ውስጥ ሳይታይ የኛ ቃል ለአውሮፓ አንባቢ በላቲንና በጀርመንኛ ታትሞ ነበር።

ስለዚህ በምግብ ዝርዝራቸው ጀርባ የታተመውን ለመለወጥ ፈቃደኛ ለሆኑ ቤቶች የምናቀርበው ጽሑፍ ይህ ነው፦ «አረቢካ ቡና በተፈጥሮ የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። እኛ ቡና እንለዋለን፤ ዐረቦች ፍሬውን ቡን የሚሉት በዚሁ ስም ነው። ኮፊ የሚለው እንግሊዝኛ የመጠጡ የዐረብኛ ስም ቃህዋ በቱርክ በኩል አልፎ የያዘው መልክ ነው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከቀድሞው ቦታ አይበልጥም።